ፋይሉ ይከፈታል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፦

እኔ የኮምፒውተር ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው። ማመልከቻ፣ የፍርድ ቤት ክስ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልጻፍኩት የለም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ሰው ፋይል ነው።

ባለፈው ጥር ከሜሪላንድ አንዲት ሴት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የኮምፒውተሯን ስክሪን ነው ያነሳችው። ገጹ ከላይ እስከ ታች የማይገባ ነገር ሞልቶበታል። ጭረት የተደረገበት ኤ፣ ጅራት ያለው ሲ፣ የፓውንድ ምልክት፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት። ከሥሩ «እትዬ፣ አባቴ የጻፈው መጽሐፍ ይሄ ነው? ወይስ ተበላሽቷል?» ብላለች። በሲዲው ሽፋን ላይ የሱቃችን ማኅተም ነበረበት። ሱቁ ከቦታው ከተነሳ ቆይቷል። የአጎቷ ልጅ ሰፈር ለሰፈር ጠያይቆ ነው ያገኘኝ።

ፎቶውን ሳይ ደነገጥኩ። ያንን ፋይል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጊዜው 1993 ዓ.ም ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። የመንዝ ሰው ናቸው። በዘጠኝ ደብተር በእጃቸው የጻፉትን በፌስታል ይዘው መጡ። ስለ ተወለዱበት አገር ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ በጉ፣ የበግ ጸጉር እንዴት እንደሚፈተል፣ ባና የሚባለው የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ እንዴት እንደሚሠራ፣ እናታቸው ለቅሶ ቤት ያወርዱት ስለነበረው ሙሾ። ሦስት ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጡ አጠገቤ ተቀምጠው አነበቡልኝ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ቆም ብለው በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱኝ ነበር። 212 ገጽ ሆነ። በገጽ 2 ብር አስከፈልናቸው።

ሥራው ሲያልቅ በፍሎፒ ሰጠኋቸው። ቆይተው መጥተው ወደ ሲዲ ገለበጥኩላቸው። ያን ዕለት ያልኳቸው ትዝ ይለኛል። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ደብተሮቹ ቢጠፉ እንኳ አያስቡ። እዚህ ውስጥ ተቀምጧል።» አመኑኝ። ደብተሮቹ ቤት ሲቀየር ጠፉ። ጋሼም ዐረፉ። የቀረው ሲዲው ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ቃሌ ስለሚከነክነኝ ነው። እንደ ጋሼ ያሉ ስንት ሰዎች ስንት ገጽ እንዳጻፉ ስለማውቅም ነው። ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ካለ ጊዜው ሳያልፍ አውጡት።

ልጅቱ ፋይሉን መጀመሪያ በማክ ኮምፒውተሯ ከፈተችው። ከዚያ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ጫነች። በመጨረሻ ጓደኛዋ ጋ ሄዳ በማይክሮሶፍት ወርድ ሞከረች። ሦስቱም ከፈቱት። አንዱም «አልችልም» አላለም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ፋይል አልከፈት ሲል ሰው ባለሙያ ይጠይቃል። ተከፍቶ ዝባዝንኬ ሲያሳይ ግን «ቫይረስ በላው» ተብሎ ይጠፋል። እኔ ራሴ ደንበኞች ዓይኔ እያየ እንዲህ ያለ ፋይል ሲሰርዙ «ተዉ፣ አትሰርዙ» ብዬ እጃቸውን የያዝኩበት ጊዜ አለ።

ሌላ ዓይነት ችግርም ነበር። በ2000 ዓ.ም ገደማ ተማሪዎች በአዲሱ ኦፊስ 2007 የተጻፈ ጽሑፍ በፍላሽ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ፋይሉ ዶክኤክስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው፤ የዱሮው ዶክ ነበር። የእኛ ሱቅ ኦፊስ 2003 ነበረው፤ አልከፍትም አለ። አንዳንዱ ተማሪ የፋይሉን ስም ወደ ዶክ ቀይሮ ይመጣ ነበር። የስም ለውጥ የፋይሉን ውስጥ አይለውጠውም፤ አልተከፈተም። ማይክሮሶፍት በነፃ ያወጣውን ማስማሚያ ስንጭን ግን ነገሩ አለቀ። መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ነበር። ዶክኤክስም ሆነ የሊብሬኦፊሱ ኦዲቲ አሠራራቸው በይፋ ታትሟል። ኦዲቲ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የዶክኤክሱ ደግሞ በ2008 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነዋል። ማንም ሰው አንብቦ መክፈቻ ሊሠራላቸው ይችላል።

የጋሼ ፋይል በሽታ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት የተደረደረበትን ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ 256 ቦታ አለው፤ ከዚያም ላይ የማይታተሙ ትእዛዞች የያዙት ቦታ ይቀነሳል። የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ታዲያ ምን አደረጉ? በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። እኔ «ለ» ብዬ ስጽፍ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው። የፊደሎቹን ሥዕል የያዘው ፋይል፣ ፎንቱ፣ ነው «ለ» አስመስሎ የሚያሳየኝ። ካባው ሲወልቅ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል።

ያ ብልሃት የሚናቅ አይደለም። እነ ፍስሐ አጥላው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አማርኛን በኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ ሲደክሙ ማንም መንገድ አልጠረገላቸውም። ያለ እነሱ ያ ሁሉ ጽሑፍ በታይፕራይተር ይቀር ነበር። ለእንጀራዬም ባለውለታዎቼ ናቸው።

ነገር ግን ፊደላችን ብዙ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ መጀመሪያ ሲገባ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 345 ምልክት ነበረው። ይህ በአንድ ፎንት አይሞላም። ስለዚህ ለሁለት ከፈሉት። ሀ ሁ ሂ በአንደኛው ፎንት፣ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ በሁለተኛው። እኔ ስጽፍ ሶፍትዌሩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘል ነበር፤ አላስተውለውም። አንድ ቁጥር ታዲያ በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል ነው፣ በሁለተኛው ሌላ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በራሱ ቦታ ነው የደረደረው። ፓወር ግዕዝ ነበር፣ ቪዥዋል ግዕዝ ነበር፣ ሌሎችም ነበሩ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ፎንት ሲታይ አማርኛ ይመስላል፤ ትርጉም ግን አይሰጥም።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ግዕዝን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጋሼ እኔ ጋ ሳይመጡ በፊት ማለት ነው። ግን ሱቃችን አልደረሰም። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያም በኋላ እኛ በአሮጌው ፎንት መጻፍ አላቆምንም። እጃችን ለምዶታል። ማተሚያ ቤቱም በዚያው አምጡ ይላል። እስከ 2003 ዓ.ም ድረስ በአሮጌው እጽፍ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ በስልኩ የጻፈው የአማርኛ ቀልድ ሪያድም፣ ቴል አቪቭም፣ ሜሪላንድም እንዳለ ይነበባል። የጋሼ 212 ገጽ አይነበብም። ይህ ያንገበግበኛል።

ለልጅቱ «አልተበላሸም፣ እናወጣዋለን» ብዬ መለስኩላት። እንግዲህ ይህኛው ቃሌ ውሸት እንዳይሆን ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ የፎንቱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ጽሑፉ ላይ ጠቅ አድርጎ ከላይ ያለውን የፎንት ስም ሳጥን ማየት ነው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይጫንም ስሙ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ሳጥኑ ስሙን ነገረን። ፎንቱ ራሱ ግን ጠፍቷል። የዱሮው ፔንቲየም ኮምፒውተራችን ሱቁ ሲነሳ በቆርቆሮ ዋጋ ተሽጧል። አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ቤት፣ አልጋ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ የመጫኛ ሲዲው ተገኘ። እልል አልኩ።

ፎንቱን ስንጭነው የጋሼ ጽሑፍ ብቅ አለ። የመጀመሪያው መሥመር ላይ የእናታቸው ስም አለ። ከሃያ ዓመት በላይ አላየሁትም ነበር። እጄ ግን ቃላቱን ያስታውሳቸዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ፎንቱ ተገኘ፣ በቃ» ይላል። አልበቃም። ጽሑፉ የሚነበበው እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ለልጅቱ ብልክላት ያው ዝባዝንኬ ይሆንባታል። አንድ ስም ልፈልግ ብትል ኮምፒውተሩ አያገኝላትም፤ አማርኛ እንደሆነ አያውቅማ። ስለዚህ መጀመሪያ ፎንቱን በውስጡ እንዲይዝ አድርገን ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀየርነው። ፒዲኤፉ ፎቶግራፉ ነው። በኋላ የምንለውጠውን ከእሱ ጋር እናስተያያለን።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሠራን። ሶፍትዌር ከሚማረው የእህቴ ልጅ ጋር አራት ምሽት ፈጀብን። በአንድ ዓምድ ቁጥሩን፣ በሁለተኛው ያ ቁጥር በአንደኛው ፎንት የሚያሳየውን ፊደል፣ በሦስተኛው በሁለተኛው ፎንት የሚያሳየውን። እሱ ይጠራል፣ እኔ አይቼ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ምልክት የተገጣጠመ ሆኖ አገኘነው፤ አካሉ ለብቻ፣ እግሩ ለብቻ። እነዚህን አስቀድሞ መቀየር ግድ ነው። አካሉ ብቻውን ቀድሞ ከተቀየረ እግሩ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ሙከራችን በዚህ ምክንያት ከሽፏል።

ቀጥሎ የዶክ ፋይሉን ቅጂ በሊብሬኦፊስ ወደ ዶክኤክስ ቀየርነው። ዶክኤክስ ማለት የታሸገ ዚፕ ነው። ሲፈታ ውስጡ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ተመዝግቦ ይገኛል። የእህቴ ልጅ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ የፎንቱን ስም ያያል፣ ሠንጠረዡን ያያል፣ ትክክለኛውን ፊደል ያስገባል። አንድ ምዕራፍ በጥቂት ሰከንድ አለቀ። አራት ምሽት የደከምንበት ሠንጠረዥ ነው እንዲህ ያፈጠነው።

የራሴን ጥፋትም አገኘሁ። ያኔ አራት ነጥብ በመጻፍ ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እመታ ነበር፤ ለእጅ ይቀላል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ለኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። ሁሉንም አስተካከልን። ዛሬም እንዲህ የምትጽፉ የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ይቸገራል።

ሲዲው ላይ የነበሩት 14 ፋይሎች ናቸው፤ ለየምዕራፉ አንድ። 12ቱ ዳኑ። ሁለቱን ሲዲው ስለተጫረ አላነብ አለ። አንደኛው ስለ ልጅነታቸው ነው። ሁለተኛው ስለ በግ ጸጉርና ስለ ባና ሥራ የጻፉት፣ ጋሼ እጃቸውን እያወናጨፉ ያስረዱኝ የነበረው ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የወንድማቸው ልጅ በ1998 ዓ.ም ሁለቱን ምዕራፎች ገልብጦ በኢሜይል ለልጅቱ ልኮላት ነበር። ኢሜይሉ እስካሁን አለ። ግን ኢሜይሉ ፎንት አልመዘገበም። የላቲኑን ምልክት ብቻ ነው የያዘው። የትኛው ከአንደኛው ፎንት፣ የትኛው ከሁለተኛው እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

ይህን ቃል በቃል ተቀምጬ ፈታሁት። «ቋንቋ» የሚለው ቃል ሲበላሽ እንኳ ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቃል። ተራ ቃል ሁሉ እንዲህ ተገኘ። ሰው የማያውቀው ቃል ሲሆን ግን ምን ይደረጋል? መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። የልጅነቱ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ተፈታ። ከባናው ምዕራፍ ስድስት ቃል ቀረኝ።

ስለዚህ አሮጌ ፋይል ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ ከፍታችሁ ዝባዝንኬ ካያችሁ ሴቭ አታድርጉት። ዝጉትና ቅጂ አስቀምጡ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጽሑፉን ኮፒ ፔስት አታድርጉ፤ ፋይሉን ራሱን ላኩ። የፎንቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ፎንቱን ወደ ኒያላ በመቀየር አማርኛ ይሆናል ብላችሁ አትድከሙ፤ ከሥር ያለው ላቲን ስለሆነ ላቲን ሆኖ ይቀራል። የመጫኛ ሲዲ ያላችሁ አትጣሉ።

መሥሪያ ቤቶችንም እለምናለሁ። ስማቸውን አልጠራም። ዛሬም በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፎርም ለሕዝብ የሚልኩ አሉ። ባለጉዳይ በስልኩ ከፍቶ ዝባዝንኬ ብቻ ያይና እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ፎንቱ ስላለኝ አትሜለት ገንዘብ እቀበለዋለሁ። ይህ ገንዘብ ደስ አይለኝም። ሰውዬው ቤቱ ሆኖ ሊያነበው ይገባ ነበር። አንድ ፎርም እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የመዝገብ ቤቱ ግን ከፎርም ይበልጣል። የ1990ዎቹ ቃለ ጉባኤና ውሳኔ በስንት ኮምፒውተር ውስጥ በአሮጌው ፎንት ተኝቷል? ፎንቱን በእጃቸው የሚያውቁት ጸሐፊዎች ጡረታ እየወጡ ነው። እኛን ገና በሕይወት ሳለን ጠይቁን።

የፕሮግራም ሥራ የምታውቁ ወጣቶች ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ከሆነ በይፋ አውጡት። እኛ የሠራነውን የእህቴ ልጅ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ይሰጣል።

እናንተንም አዘጋጆቹን ልጠይቃችሁ። የዱሮ የጋዜጣ ገጾቻችሁ በምን ተቀምጠዋል? ያኔ ብዙ ጋዜጣና መጽሔት በፔጅሜከር ነበር የሚቀናበረው። የፔጅሜከር የመጨረሻው ዕትም፣ 7.0፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እሱን የተካው የአዶቤ ኢንዲዛይን ከሲኤስ6 በኋላ የወጡት ዕትሞች የፔጅሜከርን ፋይል አይከፍቱም። በላዩ ላይ አሮጌው የአማርኛ ፎንት ሲጨመርበት ችግሩ ድርብ ነው። ሲኤስ6 ያለበት አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ ፎርማት እንዳታደርጉት አደራ።

ልጅቱ ለፋሲካ መጣች። 12ቱን ምዕራፍና የልጅነቱን አትመን፣ ጠርዘን ሰጠናት። የባናውን ምዕራፍም ጨመርንላት፤ ስድስቱን ቦታ ግን በነጥብ ነው የተውነው። ገምቼ መሙላት እችል ነበር። ጋሼ ያላሉትን እንዳሉ አድርጌ መጻፍ አልፈለግሁም።

ስድስቱም የመሣሪያና የሥራ ስሞች ናቸው። ሦስቱ የበግ ጸጉሩ ከመፈተሉ በፊት የሚደረገውን የሚናገሩ ናቸው፤ ሦስቱ ባናው ከሸማኔው እጅ ከወጣ በኋላ ያለውን። የእያንዳንዱን ቃል የተረፉ ፊደላት ከነዓረፍተ ነገሩ አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ቦታ ካላችሁ አትሙት። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል መንዝ ያደገ፣ እናቱ ስትፈትል ወይም አባቱ ሲሸምን አጠገባቸው ተቀምጦ ያየ ሰው ካለ በአንድ ዓይን ይለያቸዋል። በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይጻፍልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)